ለትንኟ ማን ሰጣት?

ጥያቄው የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ነው። መልሱ ግን ከአንድ ምሽት ጨዋታ በላይ ሆነብኝና እነሆ ወደ ጽሑፍ ተለወጠ።

የምንኖረው በአውስትራሊያ፣ በሜልበርን ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ ፉትስክሬይ በሚባለው ሰፈር ነው። እንጀራውም በርበሬውም ቡናውም የሚገኝበት ስለሆነ የከተማዋ ኢትዮጵያውያን ሰፈሩን በደንብ ያውቁታል። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ስትለምነኝ ከርማ አንዲት ነጭ ጥንቸል ገዛሁላት። ስሟንም «ጥጥ» አለቻት። አብራን የምትኖረው እናቴ ግን ነገሩ አልተዋጠላትም። «ሥጋዋ አይበላ፣ ወተቷ አይታለብ፣ ሌባ አትጠብቅ፤ ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ልትሠራ ነው?» ትላለች። ኦሪት ዘሌዋውያን ጥንቸልን ከማይበሉት እንስሳት ወገን እንደሚቆጥራት በቃሏ ታውቃለች። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት የካሮት ቅጠል በቢላዋ እየቀነጠሰች ስታቀርብላት በዐይኔ አይቻለሁ።

ታኅሣሥ እዚህ አገር የሙቀት ወር ነው። የወንዙ ዳር በትንኝ ይሞላል። አንድ ቀን ጠዋት ልጄ ከጓሮ ሮጣ መጣችና «አባዬ፣ ጥጥ ዐይኗ አብጧል» አለችኝ። የዐይኗ ቆብ ተነፍቶ ጠርዙ በመግል ተጣብቋል። በማግስቱ የጆሮዎቿ ሥር አበጠ፤ አፍንጫዋም ተደፈነ። ድርቆሿን ሳትነካው ዋለች። የእንስሳት ሐኪሟ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳትሞላ ካየቻት በኋላ የበሽታውን ስም ነገረችን፦ ሚክሶማቶሲስ።

ቫይረስ ነው። ትንኝና ቁንጫ ከአንዷ ጥንቸል ወደ ሌላዋ ያጋቡታል። ሰውን አይነካም። የሚያድን መድኃኒት የለውም። ኤሮፓ ውስጥ ክትባት እንዳለው፣ እዚህ ግን ለቤት ጥንቸል እንኳ እንደማይፈቀድ ሐኪሟ ነገረችን። ከተያዙት አብዛኞቹ ሁለት ሳምንት አይሞላቸውም። የእሷ ምክር ጥጥን በዚያኑ ቀን ያለ ሕመም ማሰናበት ነበር። ልጄ ሳጥኑን አቅፋ ትሰማለች። እኔም በእንግሊዝኛ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጥቂት ቀን እንድትሰጠን ለመንኋት። ሐኪሟ ትንሽ አሰበችና፣ «ምግብ እስከዋጠች፣ ሕመሟም በማስታገሻ እስከተያዘ ድረስ ይሁን፤ እምቢ ያለች ቀን ግን ይዛችሁልኝ ኑ» አለች። ማስታገሻ፣ የዱቄት ምግብና ሲሪንጅ ይዘን ወጣን።

መኪና ውስጥ ልጄ ጠየቀችኝ፦

«አባዬ፣ ማን ነው ያሳመማት?»

«ትንኝ ናት» አልኳት።

ጥቂት መንገድ ዝም ብላ ሄደችና፣ «ለትንኟስ ማን ሰጣት?» አለች።

«ሌላ የታመመች ጥንቸል» ብዬ ልቋጨው እችል ነበር፤ ውሸትም አልነበረም። ነገር ግን ታሪክ ማንበብ የሚወድ ሰው ይህን ሰንሰለት ወደ ኋላ ሲቆጥረው መጨረሻ የሌለው እንዳልሆነ ያውቃል። ይህ በሽታ በዚህ ምድር ላይ የሚታወቅ መነሻ አለው። የተለቀቀበት ዓመት፣ ወርና ወንዝ ይታወቃል። ልጄ የፈለገችው ያንን ነበር።

*

ጥንቸልን ማስታመም ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም፤ እንቅልፍ ግን ይነሳል። የጥንቸል አንጀት ሥራ ሊፈታ አይገባውም። ቀኑን ሙሉ ሣርና ድርቆሽ ስትግጥ የምትውል ፍጥረት ናትና አንጀቷ ከቆመ ከዋናው በሽታ በፊት እሱ ይገድላታል። ስለዚህ በየአራት ሰዓቱ እነሣና ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃ በጥብጬ፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ፣ በጥርሶቿ ጎን በኩል ጥቂት ጥቂት አደርግላታለሁ። ቸኩዬ ከፊት ከሰጠኋት ወደ ሳምባዋ ሊገባ ይችላል። ዐይኗን በንጹሕ ጨርቅና ለብ ባለ የጨው ውሃ እጠርገዋለሁ። ጥንቸል ታዳኝ እንስሳ ናትና ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው፤ ኩርምት ብላ ስትቀመጥና ጥርሷን ስታፋጭ ብቻ ይታወቃል። እኔም የጥርሷን ድምፅ እያዳመጥሁ፣ በሁለቱ ምግብ መካከል ያለውን ጊዜ በንባብ አሳልፌዋለሁ። ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥንቸል የዚህች አህጉር ተወላጅ አይደለችም። በ1788 የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ መርከቦች ሰፋሪና እስረኛ ጭነው ሲመጡ ለምግብ የሚሆኑ ጥንቸሎችን አብረው አምጥተው ነበር፤ እነዚያ ግን ከአጥር ብዙም ርቀው አልሄዱም። ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከእኛ ከተማ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ዊንቸልሲ ነው። ቶማስ ኦስቲን የሚባል፣ ከእንግሊዝ ገጠር መጥቶ በበግ እርባታ የበለጸገ ሰው ባርዎን ፓርክ በተባለው ርስቱ ላይ ይኖር ነበር። ይህ ሰው የልጅነት አገሩን አደን ናፈቀና ጥንቸል እንዲላክለት ወደ አገር ቤት ጻፈ። በ1859 የገና ዕለት ላይትኒንግ የተባለችው መርከብ 24 ጥንቸሎች ይዛ ሜልበርን ደረሰች።

በ2022 የታተመ የዘር ጥናት የአውስትራሊያ የዱር ጥንቸል ወረራ በዋናነት የዚህ አንድ ጭነት ዘር መሆኑን አረጋግጧል። የሴት ጥንቸል እርግዝና አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። በጥቂት ዓመታት ውስጥ 24ቱ በሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። በ1867 የንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ልዑል አልፍሬድ ወደ አውስትራሊያ በመጣ ጊዜ ባርዎን ፓርክ ድረስ ሄዶ ጥንቸል ሲያድን ውሏል። ለኦስቲን ይህ የኩራት ቀን ነበር።

ይህን ሳነብ በሰውዬው ልፈርድ ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ነገር ግን በመስኮቱ በኩል የራሴ ጓሮ ይታየኛል፤ ከአጥሩ ሥር ጤና አዳም ተክያለሁ። ቡናዬን ያለ እሱ መጠጣት አልሆንልህ ስላለኝ ፍሬውን ፈልጌ አስፈልጌ ነው ያገኘሁት። ኦስቲንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የአገሩ ሽታ ናፈቀው። ናፍቆቱ ግን አራት እግር ነበረውና አጥር አላገደውም።

*

ጥንቸሎቹ ሣሩን ከሥሩ ጨርሰው በሉት። ችግኝ አላሳድግ አሉ። አፈሩ ሽፋኑን አጥቶ በነፋስ ተወሰደ። ገበሬው ለበጎቹ የሚሆን ግጦሽ አጣ፤ ርስቱን ጥሎ የተሰደደም ነበር። በዚህች አህጉር ብቻ የሚገኙ ትናንሽ እንስሳትም ምግባቸውንና ጉድጓዳቸውን ተቀሙ። ይህን ሳይናገሩ ቀጥሎ የመጣውን መናገር ፍርደ ገምድልነት ነው።

በ1887 የኒው ሳውዝ ዌልስ መንግሥት ጥንቸልን የሚያጠፋ ዘዴ ላመጣ ሰው 25,000 ፓውንድ እሸልማለሁ ብሎ አወጀ። ከፓሪስ ሉዊ ፓስተር እንኳ ተወዳደረ። ጥንቸሎቹን በዶሮ ኮሌራ ለመጨረስ አስቦ የሚስቱን እህት ልጅ አድርያን ሏርን በ1888 ወደ ሲድኒ ላከው። ሙከራው ሮድ በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ተካሄደ። በሽታው ግን ለአእዋፍም አደገኛ ነበርና አገሩ ውስጥ እንዲለቀቅ አልተፈቀደም፤ ሽልማቱንም ማንም ሳይወስደው ቀረ። በምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ከ1901 እስከ 1907 ድረስ 1,833 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው አጥር ተሠራ። አጥሩ ከማለቁ በፊት ጥንቸሎቹ ወደ ማዶ ተሻግረው ነበር።

ገዳዩ በመጨረሻ የተገኘው ጥንቸል ለማጥፋት ባልተሰበሰቡ ሰዎች ዘንድ ነው። በ1896 ጣሊያናዊው ሐኪም ጁዜፔ ሳናሬሊ በኡራጓይ ዋና ከተማ በሞንቴቪዴዎ ቤተ ሙከራ ነበረው። ለምርምር ያመጣቸው የኤሮፓ ጥንቸሎች ፊታቸው አብጦ፣ ዐይናቸው ተደፍኖ በድንገት አለቁበት። ለደቡብ አሜሪካ የዱር ጥንቸል ይህ ቫይረስ ከአንዲት ትንሽ እብጠት አያልፍም። ለኤሮፓዋ ጥንቸል ግን ሞት ነው። ብራዚላዊው ተመራማሪ ኤንሪኬ አራጋዎ ነገሩን ተመልክቶ ቫይረሱ ለአውስትራሊያ እንደሚበጅ ሐሳብ አቀረበ። የአውስትራሊያ ሹማምንት ለጊዜው ወደ ጎን ተዉት።

ሐሳቡን በ1930ዎቹ እንደገና ያነሣችው ሴት ታሪክ ሌሊት ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ እንድቆም አደረገኝ። ጂን ማክናማራ የዚችው የሜልበርን ሐኪም ነበረች። ሕይወቷን የሰጠችው በልጅነት ልምሻ እጅና እግራቸው ለሰለለባቸው ሕፃናት ነው። ድጋፍ እያሠራች፣ አጥንታቸው እንዳይጣመም እየታገለች ኖራለች። በ1931 ከማክፋርሌን በርኔት ጋር ሆና የልምሻ ቫይረስ ከአንድ ዓይነት በላይ መሆኑን አሳይታለች። ይህች ሴት ናት ቫይረሱ በአውስትራሊያ እንዲሞከር ሳትታክት የወተወተችው። ስለ ገበሬው ድህነትና ስለ ምድሪቱ መራቆት አዝና ነው። ልጄ አንድ ክፉ ሰው እንድጠቁምላት ትጠብቃለች፤ እኔ ግን የታመሙ ልጆችን ስታስታምም የኖረች ሐኪም ላይ ደረስኩ።

በግንቦት 1950 የመንግሥት ተመራማሪዎች መሪ በተባለው ትልቅ ወንዝ አካባቢ ቫይረሱን በጥንቸሎች ላይ መልቀቅ ጀመሩ። ክረምቱን ሙሉ በሽታው በየቦታው እየጠፋ አስቸገራቸው። ከሽፏል ሊባል ሲል፣ ታኅሣሥ ላይ ዝናብ ጥሎ ወንዞቹ ሞልተው ነበርና ትንኝ ፈላ። ትንኞቹም በሽታውን በወንዞቹ ዳርና ዳር ይዘውት በረሩ። በመጀመሪያው ዙር ከታመሙት ውስጥ 99.8 በመቶው እንደሞቱ ተመዝግቧል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥንቸሎች አለቁ። ሣሩ ተመለሰ፤ የሱፉ ምርት ጨመረ፤ ገበሬው እፎይ አለ። ጥንቸሎቹ ግን በየሜዳው ዐይናቸው ታውሮ፣ የሰው ኮቴ እየሰሙ መሸሽ ተስኗቸው፣ ከአሥር ቀን በላይ እየማቀቁ ነው የሞቱት። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለመናገር ሌላውን መሸፈን አልሆነልኝም።

እንግዲህ ለትንኟ የሰጣት ሰው ነው። ዘመኑም የገና ሰሞን፣ ትንኝ የሚፈላበት ይኸው ወር ነበር።

*

አራተኛው ሌሊት ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ሳሎን መጣች። ጥጥ በፎጣ ተጠቅልላ ጭኔ ላይ ናት። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና ፊቷን አየች። ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብላ ቆመች።

«ይኼማ ፈንጣጣ ነው» አለች።

የእናቴ ጉንጭና ግንባር በፈንጣጣ ጠባሳ የተነደለ ነው። ልጅ ሆነን ጠባሳዎቿን በጣታችን እየነካን እንቆጥር ነበር። ስለ በሽታው ግን አንድም ቀን አውርታ አታውቅም። በዚያ ሌሊት አወራች። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ከታናሽ ወንድሟ ጋር ተያዙ። አያቴ ሁለቱን ጨለማ ጓዳ ውስጥ ለይታ አስተኛቻቸው። ዐይናቸው እንዳይጠፋ ሌሊት ሌሊት በኩራዝ ብርሃን እየተነሣች ለብ ባለ ውሃ ታጥበዋለች። እናቴ ተረፈች፤ ወንድሟ አልተረፈም። «ማጠቢያዋ ጨርቅ ሸካራ ነበረች፤ እስከ ዛሬ ትታወቀኛለች» አለችኝ። ከዚያ እጇን ዘረጋችና «ወዲህ በል፤ አንተ ታሻታለህ እንጂ አትጠርግም» ብላ ጨርቁን ከእጄ ወሰደች። ከዚያ ሌሊት በኋላ ዐይኗን የምትጠርገው እሷ ሆነች።

እናቴ ሐኪም አይደለችም፤ የተናገረችው ግን ሊቃውንቱ ካሉት ብዙም አይርቅም። የጥንቸል ሚክሶማ ቫይረስና የሰው ፈንጣጣ ቫይረስ የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ይህን ዝምድና በሕይወቱ ከሁለቱም ጫፍ የያዘው አውስትራሊያዊው የቫይረስ ሊቅ ፍራንክ ፌነር ነው።

በ1951 መጀመሪያ ላይ ጥንቸሎቹ በሚያልቁበት በዚያው የመሪ ወንዝ አካባቢ ሰዎች በአንጎል በሽታ መሞት ጀመሩ። ሕዝቡ «ቫይረሱ ወደ እኛ ዞረ» ብሎ ደነገጠ። በሽታው ሌላ እንደሆነ ሊቃውንቱ ቢያውቁም የሚያምናቸው አልተገኘም። ያን ጊዜ ፌነር፣ በርኔትና የምርምር ተቋሙ መሪ ኢያን ክሉኒስ ሮስ ሦስቱም የጥንቸሉን ቫይረስ በገዛ ክንዳቸው ተወጉ። አንዳቸውም አልታመሙም፤ ይኸው ለሕዝቡ ተነገረና ጭንቀቱ በረደ።

ፌነር ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተከታተለው ጉዳይ በሥነ ሕይወት መጻሕፍት ውስጥ ዛሬም ይጠቀሳል። ቫይረሱ ቀስ በቀስ ለዘብ አለ፤ ጥንቸሏን ቶሎ የሚገድል ቫይረስ ትንኝ መጥታ እስክትወስደው ጊዜ አያገኝምና። ጥንቸሎቹም በትውልድ ላይ ትውልድ በረቱ። በአንድ ሐይቅ አካባቢ ሰባት የወረርሽኝ ዙሮች ካለፉ በኋላ፣ ቀድሞ ከመቶ ዘጠናውን ይገድል የነበረው የቫይረስ ዓይነት ሩቡን ያህል ብቻ የሚገድል ሆነ። በሙቀት የተያዙ ጥንቸሎች ከበሽታው የመትረፍ ዕድላቸው እንደሚጨምር የታየውም በዚያው ዘመን በተደረገ ምርምር ነው። ሐኪሟ «ቤቱን አሙቁላት» ያለችን ከዚህ የተነሣ ይሆናል ብዬ አሰብሁ። ሞትን ሲቆጥሩ የነበሩት ሰዎች ያስመዘገቡት ቁጥር ከሰባ ዓመት በኋላ የእኔን ሳሎን ማሞቂያ አስለኮሰ።

ይኸው ፌነር በኋላ ፈንጣጣ ከምድር መጥፋቱን የሚያረጋግጠው ዓለም አቀፍ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነ። የኢትዮጵያ የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ ነበር። ከታቢዎቹ በበቅሎና በእግር፣ መንገድ በሌለበት ተራራና በረሃ ሁሉ ዞረዋል። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ 1976 ታየ። በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ደግሞ በጥቅምት 1977 በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ ተገኘ። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1979 ፈረመ፤ ፌነርም በግንቦት 1980 ለዓለም ጤና ጉባኤ የምሥራቹን ተናገረ። የእናቴ ፊት ላይ የተጻፈው በሽታ ከዚያ ወዲህ በማንም ፊት ላይ አልተጻፈም። ልጄ የአያቷን ጠባሳ የምታውቀው እንደ አያቷ መልክ ብቻ ነው፤ በሽታውን አታውቀውም።

ከተበ የሚለው ግስ በአማርኛ መጻፍም ነው፤ ክትባት መስጠትም ነው። ፌነር የመጣበት መንገድ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ቫይረስ ከሰው ልጅ ላይ ሲፋቅ መሰከረ፤ የዚያን ዘመድ ደግሞ በጥንቸል ላይ ሲጻፍ በትጋት መዘገበ።

*

የዱር ጥንቸሎች በትውልድ ብዛት ያገኙትን ብርታት እንደ ጥጥ ያሉ የቤት ጥንቸሎች አላገኙትም። ቅድመ አያቶቿ በአጥር ውስጥ ነበሩና ፈተናው አልደረሳቸውም። በሽታው ሲመጣባት እንደ 1950ዎቹ ጥንቸሎች ራቁቷን ናት። ክትባት የማይፈቀድበት ምክንያትም ከዚሁ ታሪክ የሚመዘዝ ነው። የበሽታው ክትባት ሕያው ቫይረስ ያለበት ስለሆነ ወደ ዱር ጥንቸሎች ተዛምቶ እንዳይከላከልላቸው ይፈራል። በአጭሩ፣ የዱሮቹ እንዲሞቱ የቤቷም ሳትከተብ ትቀራለች። በ1995 ከዋርዳንግ ደሴት ሙከራ አምልጦ ወደ ዋናው ምድር ለገባው ለሌላው የጥንቸል በሽታ፣ ለካሊሲቫይረስ፣ ለቤት ጥንቸሎች ክትባት ተፈቅዷል፤ ለዚህኛው ግን አልሆነም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች የገበሬውን ማሳና የአገሩን ዕፀዋት አስበው እንደሆነ አውቃለሁ። ልጄ ግን ማሳ የላትም፤ ያለቻት አንዲት ጥንቸል ናት።

በእነዚያ ሌሊቶች ካነበብኳቸው ሁሉ ውስጤ የቀረው የቶማስ ኦስቲን ሚስት ታሪክ ነው። ኦስቲን በባርዎን ፓርክ ትልቅ የድንጋይ ቤት አሠርቶ በ1871 ተጠናቀቀለት፤ በዚያው ዓመት ሞተ። ባለቤቱ ኤልሳቤጥ ብቻዋን ቀረች። በዚያን ዘመን ሆስፒታሎች የማይድን ሕመም ያለበትን ሰው አልጋ ይይዛል ብለው አይቀበሉትም ነበር። ኤልሳቤጥ ኦስቲን በ1880 እንዲህ ላሉት ሕሙማን ማደሪያ 6,000 ፓውንድ ሰጠች። በ1882 በሜልበርን፣ ሃይደልበርግ በሚባለው አካባቢ፣ የማይድኑ ሕሙማን ሆስፒታል ተከፈተ። ዛሬ በኦስቲን ስም የሚጠራ ትልቅ የሕክምና ተቋም ነው።

ጥንቸሎቹም ሆስፒታሉም ከአንድ ቤት ወጡ። ኤልሳቤጥ ይህን ያደረገችው ለባሏ ጥንቸሎች ካሳ ነው ለማለት አይቻልም፤ ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ የማያቸው እኔ ነኝ። ነገር ግን ሊድን የማይችለውን ሰው ማስታመም በራሱ ሙሉ ሥራ እንደሆነ፣ ለማዳን መሰናዶ ብቻ እንዳልሆነ፣ ገንዘቧን አውጥታ የተናገረች ሴት ናት። እኔም ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ አምስት ሚሊ ሊትር ምግብ ለማትድን ጥንቸል ስሰጥ፣ «ምን አደክማለሁ?» ለሚለው ሐሳቤ ከእሷ የተሻለ መልስ አላገኘሁለትም።

*

ስምንተኛው ቀን ጠዋት ጥጥ ሲሪንጁን ስታሸተው ፊቷን አዞረች። ደጋግሜ ሞከርሁ። ትንፋሿ ያፏጫል፤ ጥርሷን ታፋጫለች። እናቴ ጨርቁን ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና «በቃት፤ አታሰቃያት» አለችኝ። ወንድሟ እንዴት እንደሞተ በዚያ ሌሊት አልነገረችኝም ነበር። በዚያች ቃል ግን የገባኝ መሰለኝ።

ሐኪሟ መጀመሪያ የሚያስተኛውን መርፌ ወጋቻት። ልጄ መዳፏን በጥጥ ግንባር ላይ አድርጋ ቆመች። ከዚያ አንድ ወረቀት ቀረበልኝ፤ ሁለተኛው መርፌ እንዲሰጣት መስማማቴን የሚገልጽ። ስምንት ሌሊት ሙሉ ስለ ጥንቸሎች ሞት የወሰኑ ሰዎችን ታሪክ ሳነብና በልቤ ስመዝናቸው ሰነበትሁ፤ በመጨረሻ የእኔም እጅ ፈረመ። ከእነሱ የምለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔ የምፈርምባትን ስሟን አውቀዋለሁ፤ ፊቷንም አይቸዋለሁ። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው ወይስ ትልቅ? እስከ ዛሬ አልቆረጥሁም።

ቤት ስንደርስ እናቴ ከሻንጣዋ አንድ አሮጌ ነጠላ አውጥታ ከዳር በኩል ቀደደችና ጥጥን ገነዘቻት። «ሥጋዋ አይበላ» ያለችው አሮጊት ናት። ከሎሚው ዛፍ ሥር ቀበርናት። ጤና አዳሙ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጄን ይዣት ወደ ዊንቸልሲ ሄድሁ። ባርዎን ፓርክን ከውጭ አየነው። ከአጥሩ ማዶ፣ ሜዳው ላይ፣ አንዲት ቡናማ የዱር ጥንቸል ቁጭ ብላ ሣር ትግጣለች፤ ዐይኗ ጥርት ያለ ነው። ልጄ ወደ ቤቱ ጠቁማ «እዚህ ነው የተጀመረው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «ሰውየው ክፉ ነበር?» «አገሩ ናፍቆት ነበር።» «ትንኟን የላኩትስ?» ስለ ጂን ማክናማራ፣ ስለ ልምሻ የያዛቸው ሕፃናት፣ በገዛ ክንዳቸው ስለተወጉት ሦስት ሰዎች ነገርኳት። ስለ ኤልሳቤጥም ነገርኳት። ሳቋርጥ ሁሉንም አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦

«ከእነሱ ውስጥ የታመመች ጥንቸል ዐይን የጠረገ ሰው ነበረ?»

በመጻሕፍቱ ውስጥ አላገኘሁም። «አያትሽ ጠርጋለች» አልኳት። በዚህ ተስማማችና ወደ መኪናው ተመለስን።

ቸር እንሰንብት።